ስለ ምንጣፍ መፈተጊያ መኪና አመራረጥ

ከመካነ ሰላም ከተማ አንዲት የተከበሩ እመቤት ለዚህ ገጽ የላኩት ደብዳቤ ደርሶናል። የደብዳቤያቸው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ታናሹ ልጃቸው በአዲስ አበባ በጽዳት ሥራ ሦስት ዓመት ሲያገለግል ከቈየ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ከዕቍብ ባገኘው ገንዘብ በየሰዉ ቤት እየዞረ ምንጣፍ የሚያጥብበትን መኪና ሊገዛ አስቧል። መኪናውን ሲያመጣም ሥራውን በእናቱ ቤት ባለው ምንጣፍ እንዲጀምር ለምኗቸዋል። ያ ምንጣፍ ግን እመቤቲቱ በተዳሩ ጊዜ አባታቸው የሰጧቸው፣ ከበግ ጠጕር የተሠራ መታሰቢያ ነው። ስለዚህ፣ «እንቢ ያልኩት እንደ ኾነ የልጄ ልብ ይሰበራል፤ እሺ ያልኩት እንደ ኾነ ደግሞ የአባቴ መታሰቢያ ይበላሽብኛል። ምን ይበጀኛል? ልጁስ ገንዘቡን በማይረባ መኪና ላይ እንዳያጠፋ የትኛውን ይግዛ?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ጥያቄው የአንድ ቤት ጥያቄ ቢመስልም የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። የእንግዳ መቀበያው ምንጣፍ የቤቱ ክብር የሚታይበት ስለ ኾነ፣ ለማን እጅና ለምን ዓይነት መኪና እንደሚሰጥ ማሰብ ለባለቤቱ ይገባል። እንግዲህ ለእመቤቲቱ የምንመልሰውን ለክቡራንና ለክቡራት አንባቢዎቻችን ሁሉ እንዲጠቅም አድርገን እንጽፋለን።

ከመኪናው ስም አስቀድሞ የሥራውን ሥርዓት ማወቅ ያሻል። ኸርበርት ዚነር የተባለ የጀርመን አገር የኬሚስትሪ ዐዋቂ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1959 ዓ.ም. እንዳስረዳው፣ ማናቸውም እጥበት በአራት ነገር ይፈጸማል፤ እነርሱም የሳሙናው ኀይል፣ የውኃው ሙቀት፣ የቈይታው ጊዜና የፈተጋው ብርታት ናቸው። ከአራቱ አንዱ ያነሰ እንደ ኾነ በሌላው ማካካስ ግድ ነው። መፈተጊያ መኪና የሚባለውም ከአራቱ የአንዱን ድርሻ ብቻ የሚፈጽም ነው እንጂ ብቻውን የሚያጥብ አይደለም። ይህን ያላወቀ ሠራተኛ እድፉ አልለቅ ባለው ቍጥር መኪናውን እየደጋገመ ይነዳል፤ ሳሙናው እስኪሠራ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ሲገባው ኀይል ይጨምራል። በመጨረሻም እድፉ ሳይለቅ ምንጣፉ ያልቃል። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

የበግ ጠጕር ደግሞ ከሌላው ክር የተለየ ጠባይ አለው። እያንዳንዱ ጠጕር በአጕሊ መነጽር ቢታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረበ ሽፋን ተለብጦ ይገኛል። በሞቀ ውኃ ርሶና ሳሙና ገብቶበት ወዲያና ወዲህ በታሸ ጊዜ፣ ጠጕሩ ወደ አንድ ወገን እየተሳበ ከአጠገቡ ካለው ጋር ይያያዛል፤ ከተያያዘም በኋላ ተመልሶ አይፈታም። በብዙ አገር የሱፍ ሠሪዎች ልብሱን ለማጥበቅ በውኃ አርሰው በእግር ሲረግጡት ወይም በመዶሻ ሲወቅጡት የኖሩት ስለዚህ ነው። የወሎና የመንዝ ደጋ ሰውም ከበጉ ጠጕር ባናና ዝተት ሲያሠራ የኖረ ስለ ኾነ፣ የጠጕርን ጠባይ የሚያውቀው ከመጽሐፍ ሳይኾን ከእጁ ነው። እንግዲህ እመቤቲቱ ይህን ልብ ይበሉ፤ የሱፍ ልብስን የሚያጠብቁት ሦስቱ ነገሮች፣ ማለት ሙቀት፣ ርጥበትና እሽት፣ አንድ ላይ ኾነው በምንጣፍ ላይ የወረዱ እንደ ኾነ ምንጣፉን ያኰማትሩታል። ለሱፍ ሠሪው ጥበብ የኾነው ለአጣቢው ጥፋት ነው።

ምንጣፍን በመኪና ማጽዳት ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1876 ዓ.ም. ሜልቪል ቢሴል የተባለ አሜሪካዊ፣ በእጅ ሲገፋ ብሩሹ እየተሽከረከረ ጕድፍ የሚሰበስብ መጥረጊያ ሠርቶ የፈጠራ ባለቤትነት ፈቃድ አወጣበት። በ1901 ዓ.ም. ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ የተባለ የእንግሊዝ መሐንዲስ አቧራን በአየር ኀይል የሚስብ መኪና ፈለሰፈ። ያ መኪና እጅግ ትልቅ ስለ ነበረ በፈረስ እየተጐተተ መጥቶ በመንገድ ላይ ይቆምና ረዥም ቧንቧው በመስኮት ወደ ቤት ይገባ ነበር። በ1902 ዓ.ም. ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ ሲጭኑ፣ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን በዙፋኖቹ ሥር የተነጠፈው ምንጣፍ የጸዳው በዚሁ በቡዝ መኪና ነው። በዚያ በዓል ዳግማዊ አፄ ምኒልክን ወክለው ወደ ሎንዶን የሄዱት ልዑል ራስ መኰንን እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። ከዚያም በ1908 ዓ.ም. በኦሃዮ የጽዳት ሠራተኛ የነበረው ጄምስ ስፓንግለር የሚስበውን አየርና የሚሽከረከረውን ብሩሽ በአንድ ቀላል መኪና አስማምቶ ፈቃድ አወጣበት፤ የሁቨር ቤተ ሰብም ፈቃዱን ገዝቶ መኪናውን በዓለም አሠራጨው። ከዚህ ታሪክ አንድ ትምህርት እናገኛለን፤ ለነገሥታቱ ምንጣፍ የተመረጠው መንገድ ደረቁን አቧራ በደረቁ ማውጣት ነው እንጂ ውኃና ፈተጋ አይደለም።

ይህም ትምህርት ለደጋው ቤት የተለየ ጥቅም አለው። በበጋ ወራት ከመንገድ በጫማ የሚገባው ደቃቅ አፈርና አሸዋ በምንጣፉ ሥር ይቀመጣል። አሸዋው ስለታም ስለ ኾነ ሰው በተራመደበት ቍጥር ክሩን እንደ መጋዝ ይከረክረዋል። ይህ አፈር ሳይወጣ ውኃ የፈሰሰበት እንደ ኾነ ጭቃ ይኾናል፤ መኪናውም ጭቃውን እስከ ምንጣፉ ጀርባ ድረስ ያስገባዋል። ስለዚህ ማናቸውም አጣቢ ውኃ ከመያዙ በፊት ምንጣፉን ገልብጦ ከጀርባው በኩል ይምታ፤ ቀጥሎም ፊቱን በሚስብ መኪና ደጋግሞ ይጥረግ። ይህን ሳያደርግ ወደ እርጥብ ሥራ የሚሮጠውን ሠራተኛ ባለቤቲቱ ያለ ሐፍረት ብታቆመው ይገባታል።

አሁን ወደ መኪናዎቹ እንመለስ። በዚህ ሙያ ሰዎች የሚሠሩባቸው መፈተጊያዎች በብዛት ሦስት ዓይነት ናቸው፤ አራተኛው ደግሞ የሰው እጅ ነው።

መጀመሪያው ባለ አንድ ክብ ብሩሽ ነው። ከሥሩ እንደ ምጣድ ክብ የኾነ ብሩሽ አለው፤ ይህም በአንድ ወገን ብቻ በደቂቃ 175 ጊዜ ያህል ይዞራል። ብዙዎቹ ከ40 ኪሎ የማያንሱ ከባዶች ናቸው። እጀታው ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቍጥር መኪናው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ስለሚሸሽ፣ ያልተለማመደ ሰው የቤቱን ዕቃ ይመታበታል። ለሲሚንቶና ለሸክላ ወለል እጅግ ጠቃሚ ነው። አጭር ጠጕር ባለውና ከወለሉ ጋር በተጣበቀ የፋብሪካ ምንጣፍ ላይም በብሩሹ ፈንታ የጥጥ ጨርቅ ተገጥሞለት ይሠራል። ዳሩ ግን ረዥም ጠጕር ባለው ላይ የዞረ እንደ ኾነ ጠጕሩን እያጣመመ የክብ ምልክት ይተውበታል። ሳይጣበቅ የተነጠፈውንም ምንጣፍ ጠርዙን ይዞ ይጠቀልለዋል።

ሁለተኛው ባለ ሁለት ጥቅል ብሩሽ ነው። እንደ ዳቦ መዳመጫ ድቡልቡል የኾኑ ሁለት ብሩሾች ጐን ለጐን ተጋድመው አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ይሽከረከራሉ። ጠጕሩን ከሁለት ወገን እየከፈቱ ያነሡታል፤ የተደበቀውን ፀጕርና ጕድፍ እያወጡም በጐንና በጐን ባለው ሳጥን ይጥላሉ። በብዙ እግር ተረግጦ የተኛ ምንጣፍ በዚህ መኪና ሲነሣ አዲስ ይመስላል። ከክቡ መኪና ይልቅ ቀላል ስለ ኾነ ከቤት ወደ ቤት ለመሸከም ይመቻል፤ ብሩሾቹም ለስላሳና ጠንካራ እየተባሉ ይለዋወጣሉ። ጕዳቱ ግን ዘርፍ ያለውን ምንጣፍ አያውቅም። የዚህ ጽሑፍ ጸሓፊ ራሱ አንድ ጊዜ በቤቱ የተቀጠረ ሠራተኛ ይህን መኪና እስከ ምንጣፉ ዳር ድረስ ሲነዳ፣ ዘርፉ በብሩሹ ላይ እንደ ፈትል በእንዝርት ተጠምጥሞ ሲበጠስ በዓይኑ አይቷል። ከዘርፉ አንድ ክንድ ርቆ ማቆምና የቀረውን በእጅ መሥራት ሲቻል፣ በአንድ አፍታ ችኰላ የብዙ ዘመን ዕቃ ጐደለ።

ሦስተኛው ተንቀጥቃጩ መኪና ነው፤ ባለሙያዎች ኦርቢታል ይሉታል። ክቡ ሰሌዳው ሙሉ ዙር እየዞረ ክሩን ከመጠምዘዝ ይልቅ፣ እጅግ ትንሽ ክብ እየሠራ በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይንቀጠቀጣል። ከሥሩ የጥጥ ወይም ደቃቅ ክር ያለው ጨርቅ ይገጠማል፤ ጨርቁም የላላውን እድፍ ወደ ራሱ ይመጥጣል። ለመንዳት ቀላል ነው፤ ውኃም ጥቂት ይበቃዋል፤ በአጭር ጠጕርና ቀለበት በመሰለ ክር ላይ በጣም የተመሰገነ ነው። ድካሙ ግን በጥልቅ የገባውን ጭቃ አያወጣም፤ ጨርቁም ቶሎ ቶሎ ካልተለወጠ የአንዱን ክፍል እድፍ ወደ ሌላው ክፍል ይዞ ይሄዳል።

አራተኛው ከፈረስ ጭራ የተሠራ ለስላሳ የእጅ ብሩሽ ነው። ለበግ ጠጕርና ለሐር ምንጣፍ ታላላቅ ባለሙያዎች ዛሬም የሚመርጡት ይህን ነው። እጅ የክሩን መላላትና መጠንከር ይሰማዋል፤ መኪና ግን አይሰማውም።

እንግዲህ የትኛው መኪና ይበልጣል ብሎ መጠየቅ ሳይኾን፣ በፊቴ ያለው ምንጣፍ ምንድር ነው ብሎ መጠየቅ የጥበብ መጀመሪያ ነው። በገበያ በብዛት የሚገኘው የፋብሪካ ምንጣፍ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ነው። ይህ ክር ውኃ አይጠጣም፤ እንደ በግ ጠጕርም አይጠብቅም፤ ስለዚህ ሁለቱን ጥቅል ብሩሽ በደኅና ይችላል። ቢኾንም ሙቀት ስለማይወድ መኪናው በአንድ ቦታ ቆሞ እንዲፈትገው ማድረግ አይገባም፤ ከፍትጊያው የሚነሣው ሙቀት የማይጠፋ ምልክት ሊያወጣበት ይችላል። በደጋው ሸማኔ የተሠራው ምንጣፍ ደግሞ ያለ ጠጕር ጠፍጣፋ ኾኖ የተሠራ እንደ ኾነ፣ ብሩሹ ገብቶ የሚከፍተው ነገር የለውም፤ የሚያገኘው ክሩን ራሱን ነው። ለእንዲህ ያለው ምንጣፍ በገመድ ላይ ሰቅሎ ማራገፍና የነካውን እድፍ ብቻ በእጅ ማንሣት ይበቃል። በሙስሊሙ ቤት ለስግደት የሚዘረጋው ስጋጃም ከምን ክር እንደ ተሠራ ሳይመረመር በመኪና አይነካ።

ቀጥሎ የሳሙና ነገር አለ። በረኪና የበግ ጠጕርን የሚያቀልጥ መርዝ ነው፤ ወደ ሱፍ ምንጣፍ ከቶ አይቅረብ። አመድና ኀይለኛ የልብስ ሳሙናም ቅርፊቱን እየከፈቱ ጠጕሩን ስለሚያዳክሙት፣ ለሱፍ ተብሎ የተሠራውን ለዘብተኛ ሳሙና መፈለግ ይሻላል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ነጭ ሸማ ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ የተመሰገነ ቢኾንም፣ ቀለም ባለው ምንጣፍ ላይ በጥግ ሳይሞክሩ አይጠቀሙበት። እጣቢውንም ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ አይድፉት፤ ዶክቶር አክሊሉ ለማ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ለታላቅ ምርምር መነሻ ኾኗል። ይኸው እጣቢ ዓሣንም ይጐዳል።

መኪናው ከውጭ አገር የሚመጣ ከኾነ ከመግዛት በፊት በጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። በአገራችን ወደ ቤት የሚገባው የኤሌክትሪክ ኀይል 220 ቮልት በ50 ኸርትዝ ነው። የአሜሪካ አገር ግን 120 ቮልት በ60 ኸርትዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል እንጂ ኸርትዙን አይለውጥም። ስለዚህ በ60 ኸርትዝ ብቻ እንዲሠራ የተሠራ ሞተር በእኛ አገር ፍጥነቱ ከስድስት እጅ ወደ አምስት እጅ ሊወርድና ከልክ በላይ ሊግል ይችላል። ሌላም ነገር አለ። ሞተሮች በተለምዶ የሚመዘኑት ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለው አገር ነው፤ መካነ ሰላም ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ያለች ደጋ ናት። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለ ኾነ ሞተሩን እንደ ቈላው አያቀዘቅዘውም። እንግዲህ ሠራተኛው ሞተሩን በየጊዜው ያሳርፍ፤ ቀጭንና ረዥም የኤሌክትሪክ ገመድም አይቀጥልበት። ብሩሹ፣ ቀበቶውና የሞተሩ ካርቦን ሲያልቅ ከየት እንደሚገኝ ሻጩን አስቀድሞ ይጠይቅ። መለዋወጫ የሌለው መኪና የአንድ ዓመት ጌጥ ነው።

የማድረቅም ነገር ከማጠብ አያንስም። የበግ ጠጕር ከክብደቱ ሲሶ የሚያህል ውኃ ጠጥቶ በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ መስሎ ይታያል። ክረምት በገባ ጊዜ በደጋው ጉምና ብርድ ስለሚሰነብት፣ ብዙ ውኃ የጠጣ ምንጣፍ ቀኑን ሙሉ ሳይደርቅ ያድርና ሻጋታና ክፉ ሽታ ያበቅላል። ስለዚህ በክረምት ጥቂት ውኃ የሚበቃው ተንቀጥቃጩ መኪና ይመረጣል፤ ብዙ ውኃ የሚጠይቀው እጥበት ግን ዝናቡ አልፎ ፀሐይና ነፋስ እስኪገኙ ይቈይ። ኀይለኛ ፀሐይም ቀለምን ስለሚያነጣ፣ ምንጣፉ በጀርባው ተገልብጦ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ቢሰጣ ይሻላል።

አሁን ለእመቤቲቱ ጥያቄ በቀጥታ እንመልሳለን። ክብርት ሆይ፣ ለልጅዎ እንቢ አይበሉት፤ መኪናውን ግን በአባትዎ ምንጣፍ ላይ አያስነዱት። በሩቅ ጥግ ላይ ነጭ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃና በለዘብተኛ ሳሙና አርሶ ለጥቂት ደቂቃ እንዲጫነው ያድርጉ። ጨርቁ ቀለም ይዞ የተነሣ እንደ ኾነ ሥራው በዚያ ይቁም፤ አቧራውን ብቻ ያውጣለትና ምንጣፉ ወደ ቦታው ይመለስ። ጨርቁ ነጭ እንደ ኾነ ከተነሣ ደግሞ አቧራውን በሚገባ አራግፎ፣ በፈረስ ጭራ ብሩሽ፣ በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት አረፋ፣ ጠጕሩ በተኛበት ወገን ብቻ እየሳበ በፊትዎ ያጽዳው። ይህን በትዕግሥት የፈጸመ ልጅ የማናቸውንም ሰው ምንጣፍ ቢቀበል አያፍርም።

ስለ ገንዘቡም እንዲህ እንመክራለን። በመጀመሪያ የሚሽከረከር ብሩሽ ያለውን ጥሩ የአቧራ መሳቢያና የእጅ ብሩሾቹን ይግዛ፤ እነዚህ ለማናቸውም ምንጣፍ ያስፈልጋሉ። ቀጥሎ ባለ ሁለቱን ጥቅል ብሩሽ መኪና ከለስላሳውና ከጠንካራው ብሩሽ ጋር ይያዝ፤ ወለሉን ሳይኾን ምንጣፉን ለሚያጥብ ሰው ከሦስቱ ይበልጥ የሚያገለግለው ይህ ነው፤ ለመሸከምም አይከብድም። ተንቀጥቃጩን ሥራው ሲጠና፣ ክረምት ሳይገባ ይጨምረው። ከባዱን ባለ አንድ ክብ ብሩሽ ግን የመሥሪያ ቤትና የእንግዳ ማረፊያ ወለል ለማጠብ ውል ያገኘ ቀን ያስብበት፤ ከዚያ በፊት የዕቍቡን ገንዘብ በእርሱ ላይ አያፍስስ።

በመጨረሻም ለልጅዎ ይህን ይንገሩልን። ብርቱ መኪና ያለው አጣቢ ብዙ ነው፤ የሰው ቤት ገብቶ ምንጣፉን ካየ በኋላ፣ «ይህ መኪና የሚነካው አይደለም፤ በእጄ እሠራዋለሁ፤ ባይኾንም እተወዋለሁ» የሚል ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ሰው በዚያን ቀን ጥቂት ብር ቢያጣ፣ ቤቱን ዳግመኛ የሚከፍትለት ወዳጅ ያገኛል። የእመቤቲቱ አባትም ያን ምንጣፍ ለልጃቸው የሰጡት ለአንድ ሠርግ ብቻ አይደለምና፣ በልጅ ልጃቸው እጅ ደኅና ኾኖ ቢሻገር ለቤቱም ለሙያውም ክብር ነው።